ቺት የለበሰ ተራራ፤ ኦናነቱን ሸጦ የሚኖረው የካሊኮ ከተማ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የአሜሪካ የበረሃ ከተማ ነው፤ መነሻዬ ግን የአያቴ አንገት ነው። አያቴ በጥቁር ክር ያሰረችው፣ ለሠርግም ለለቅሶም የማታወልቀው አንድ ጠገራ ብር ነበራት። ልጅ ሆኜ «እምዬ፣ ይኼ ስንት ብር ያወጣል?» ብላት «ብር ስንት ብር ያወጣል ይባላል እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። በእኛ ቋንቋ ብረቱና ገንዘቡ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ጥያቄዬ ለእሷ ጆሮ «ስንዴ ስንት ስንዴ ያወጣል» እንደ ማለት ነበር።

ያ ጠገራ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ከ1780 ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢመታ ላዩ ላይ የሚጻፈው 1780 ብቻ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ዋጋው ያለው በክብደቱ ውስጥ ነበርና፣ ለንደን ላይ የብር ዋጋ ሲወርድ ሸዋና ጎንደር ገበያ ላይ ያለው ጠገራም፣ በወርቅ ሲመዘን፣ አብሮ ይወርድ ነበር። ባለቤቱ ይህን ይወቅ አይወቅ ሌላ ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያ ዋጋ ሲወድቅ ምን እንዳደረገ በዓይን የሚታይበት አንድ ቦታ አለ። ስሙ ካሊኮ ይባላል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመታት፣ ካልለየሁላችሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ካሊኮ ያለው በካሊፎርኒያ፣ በሳን በርናርዲኖ ካውንቲ፣ በሞሃቬ በረሃ ውስጥ ነው። ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ሳያዩት አልቀሩም። ወደ ላስ ቬጋስ ሲነዱ ባርስቶው የምትባለውን ከተማ አልፈው ጥቂት እንደ ሄዱ፣ በስተግራ ካለው ተራራ ላይ የከተማው ስም በትልልቅ ነጭ ፊደላት ተጽፎ ይታያል። ብዙ ሰው «ምንድን ነው እሱ?» ይልና ነድቶ ያልፋል።

ተራራው ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና አመድማ ቀለም በላዩ ተዘበራርቋል። ብር ፈላጊዎቹ ይህን ሲያዩ ትዝ ያላቸው የሴቶች ቀሚስ ነው። ካሊኮ ማለት አበባና ዝንጉርጉር የታተመበት ርካሽ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ እኛ ቺት የምንለው። እንግዲህ የከተማውን ስም ወደ አማርኛ ብናመጣው «ቺት» መሆኑ ነው። በ1882 የተቋቋመው የከተማው ጋዜጣም ስሙ «ካሊኮ ፕሪንት» ነበር። ቺትም ይታተማል፣ ጋዜጣም ይታተማል፤ ጨዋታው በአማርኛም ሳይጎድል የሚሄድ መሆኑ ይገርመኛል።

እንዲህ ያለውን ሰው የለቀቀው ከተማ አሜሪካኖች «የመንፈስ ከተማ» ይሉታል። እኛ ደግሞ ኦና የሚል ቃል አለን። ኦና ቤት ውስጥ ማን እንደሚሰፍር ሁላችንም በልጅነታችን ተነግሮናል፤ ማታ በደጁ አናልፍም ነበር። ካሊኮ ላይ ግን ሰው ኦናውን ለማየት መግቢያ ይከፍላል። ዛሬ የማወራችሁ በዋናነት ስለዚህ ነው፤ ብር ያወጣው ከተማ ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ነው፣ ትዝታውን የሚሸጠው ከተማ ግን 70 ዓመት አልፎታል።

አሁን ወደ 1881 እንሂድ። በዚያ ጊዜ የሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ሸሪፍ ጆን ኪንግ የሚባል ሰው ነበር። በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ለብር ፈላጊዎች ዱቄት፣ ባቄላ፣ ቡና፣ ዶማና አህያ ይሰጣል፤ እነሱ በረሃ ለበረሃ ይዞራሉ፤ ካገኙ ድርሻ አለው፣ ካላገኙ ስንቁ ቀለጠ። የእኩል አራሽ ውልን የምታውቁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ ልዩነቱ እዚህ መሬቱ የማንም አለመሆኑና አዝመራው ከድንጋይ በታች መሆኑ ነው። ሸሪፉ ስንቅ የሰጣቸው ሰዎች ቺት በለበሰው ተራራ ላይ የብር ሥር አገኙ። ጉድጓዱን በስንቅ ሰጪው ስም «ሲልቨር ኪንግ» አሉት፤ በአማርኛ «የብር ንጉሥ» ማለት ነው። ኪንግ ማለት ደግሞ ንጉሥ ነውና ሸሪፉ ሳይደክም ነገሠ። ይህን ሰው አትርሱት፤ ከ70 ዓመት በኋላ ዘመዱ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፍጥነት ይደንቃል። በ1882 መጀመሪያ ፖስታ ቤት ተከፈተ፣ ጋዜጣ ታተመ። በ1883 እና በ1885 መካከል ከተማው ጣሪያውን ነካ። መጠጥ ቤት፣ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ የቻይናውያን ሠፈር ሁሉ ነበረው። ከሆቴሎቹ አንዱ «የጅብ ቤት» ይባል ነበር። በአሜሪካ ጅብ የለም፤ ስሙን ምን እንዳወጣው የራሳችሁን ግምት ውሰዱ። ሐረር ላይ ቢሆን ግን ማንም አይስቅበትም።

የሕዝቡ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1,200 ነው። 3,500 የሚል ጽሑፍም ታገኛላችሁ። የጉድጓዶቹ ቁጥር 500 ነው ይባላል፤ ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ አንድ ሰው ተስፋውን ቆፍሮ የተወባቸው ቀዳዳዎች እንደሆኑ መገመት አይከብድም። እውነተኛውን ብር ያወጡት እንደ ሲልቨር ኪንግ፣ ዋተርሉ፣ ኦሪየንታል፣ ቢስማርክ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጠቅላላ ምርቱን ለጎብኚ የተጻፈው ወረቀት 20 ሚሊዮን ዶላር ያደርገዋል። እንዲህ ያሉ ክብ ቁጥሮችን ስሰማ እጠራጠራለሁ፤ ከተማ ከሞተ በኋላ ሀብቱ እንደ ሟች ደግነት ያድጋልና።

ሥራው ምን ይመስል ነበር? የካሊኮ ብር በአብዛኛው ከክሎሪን ጋር የተዋሐደ፣ ለመሬቱ ወለል ቀረብ ያለ ማዕድን ነበር። ሰው በዶማና በድማሚት ድንጋዩን ይፈነቅላል፤ ድንጋዩ ወደ ታች፣ ወደ ሞሃቬ ወንዝ ዳርቻ ይወርዳል። ምክንያቱም መውቀጫው ውኃ ይፈልጋል፣ ተራራው ላይ ደግሞ ውኃ የለም። ዳጌት በምትባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ከባድ የብረት ዘነዘናዎች ቀንና ሌሊት ድንጋዩን ይወቅጡታል፤ ቡና የሚወቀጥበትን ሙቀጫ አስቡትና ዘነዘናውን በእንፋሎት ኃይል የሚነሣ የብረት ግንድ አድርጉት። የደቀቀው ድንጋይ ከባዜቃ ጋር ይታሻል፤ ባዜቃው ብሩን ይስባል። ከዚያ ሲጋል ባዜቃው በኖ ይሄዳል፣ ብሩ ይቀራል። የሚተነውን ባዜቃ ማን እንደ ተነፈሰው የጎብኚ ወረቀት አይጽፍም። ድንጋዩን ሲፈልጥ የዋለው ሰው ሳንባ ውስጥ ስለሚቀረው አቧራም እንዲሁ።

እነዚያ ሰዎች የት ያድሩ ነበር? ብዙዎቹ በሳንቃ ቤት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ተራራውን ፈልፍለው፣ በዋሻ። በ1883 እና በ1887 ከተማውን እሳት በላው። ውኃ ከታች በጋሪ የሚመጣበት አገር እሳት ሲነሣ የሚደረገው ብዙ አይደለም። ሁለቱንም ጊዜ እንደገና ሠሩት፤ አንዳንዱም ከሳንቃ ወደ ጭቃ ጡብ ተሻገረ። ብሩ ዋጋ እስካለው ድረስ እሳት ካሊኮን ሊገድላት አልቻለም።

ስለ አንድ ውሻ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም፤ ካሊኮ ሄዶ ስለ ዶርሲ ሳይሰማ የተመለሰ ሰው የለም። በ1883 አካባቢ የፖስታ ቤቱ ሹም፣ ስታሲ የሚባለው፣ አንድ ባለቤት የሌለው የእረኛ ውሻ አስጠጋ። ወንድሙ ከተራራው ማዶ ቢስማርክ በሚባለው የማዕድን ሠፈር ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን ማስታወሻ ጽፎ በውሻው አንገት ላይ አሰረና ላከው። ውሻው ደርሶ፣ መልስ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በጀርባው ላይ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ተሰፋለትና ለሦስት ዓመት ያህል የቢስማርክን ደብዳቤ አመላለሰ። ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው፤ በዙሪያው የተጨመረው ቅመም ግን ብዙ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የካሊኮን ብር የቆፈሩ ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው ጠፍቷል፤ የውሻው ስም ግን አለ።

ስማቸው ከጠፉት ውስጥ ቻይናውያኑ አሉበት። ልብስ ያጥቡ፣ ምግብ ያበስሉ ነበር። ከተማው በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ1882፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። እንግዲህ የካሊኮ ቻይናውያን ሚስታቸውንና ወንድማቸውን ለማምጣት በር በተዘጋበት ጊዜ ነው እዚያ የኖሩት። በስደት አገር የሰው ልብስ እያጠቡ ኑሮን መጀመር ምን እንደሆነ ለምታውቁ ይህ ከውሻው ታሪክ የሚቀርብ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ካሊኮ በተወለደችበት በ1881 አንድ አውንስ ብር 1 ዶላር ከ13 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። አውንስ የሚለው ቃልና የኛ ወቄት ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው፤ መንገዳቸው ተለያየ እንጂ። ዋጋው ግን ያኔም ታሞ ነበር። ጀርመን በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገንዘቧን ወደ ወርቅ አዞረች፤ አሜሪካም በ1873 ባወጣችው ሕግ የብር ዶላርን ከመደበኛው ገንዘብ አወጣችው። መንግሥታት የማይፈልጉት ብር በገበያ ሞላ። የምዕራቡ ግዛቶች ማዕድን ቆፋሪዎች ጮኹ፤ ምክር ቤቱም ሰማቸው። በ1878 መንግሥት በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እንዲገዛ፣ በ1890 ደግሞ በየወሩ 4.5 ሚሊዮን አውንስ እንዲገዛ ታዘዘ። ልብ በሉ፤ ካሊኮ ነፃ ገበያ ላይ የቆመች የጀግኖች ከተማ ተደርጋ ትተረካለች፤ የቆመችው ግን በዋሽንግተን ምርኩዝ ነበር።

በ1893 ምርኩዙ ተነሣ። በሰኔ ወር እንግሊዞች የሕንድን ገንዘብ ማተሚያዎች ለብር ዘጉ። በኅዳር የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ጉትጎታ፣ የ1890ውን የብር ግዢ ሕግ ሻረ። በ1894 አማካይ ዋጋው ወደ 63 ሳንቲም ወረደ። ለወለሉ የቀረበው ምርጥ ማዕድንም እያለቀ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ አውንስ ለማውጣት የሚወጣው ወጪ ከአውንሱ ዋጋ በለጠ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚያው ሰሞን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ፓሪስ ላይ እያስመቱ ነበር። ገንዘቡ ላይ የተጻፈው 1887 ዓመተ ምሕረት ነው፤ እንደ ፈረንጁ 1894 እና 1895 መሆኑ ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲመዛዘን ተደርጎ ነው የተሠራው። ካሊኮ ላይ የሰው እንጀራ የዘጋው ርካሽ ብር ፓሪስ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ያዘ ማለት ነው። የካሊኮ ብር እዚያ ውስጥ አለበት አልልም፤ ገበያው ግን አንድ ነበር።

ሰው መውጣት ጀመረ። ዋናው ማዕድን በ1896 አካባቢ ቆመ፤ በ1898 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። አንድ ከተማ መሞቱን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ይኼ ነው፤ ደብዳቤ የሚላክበት ሰው የለም። ከከተማው በስተምሥራቅ ለሳሙናና ለሸክላ ቅብ የሚሆን ቦራክስ ይወጣ ስለነበር ጥቂቶች እዚያ ሥራ አገኙ። ቦራክሱን መጀመሪያ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ ሃያ እየተጠመዱ። በቅሎ እኛ ዘንድ የሹም መቀመጫ ናት፤ ሃያ በቅሎ ጋሪ ስትጎትት ማየት ለአባቶቻችን ትልቅ ድፍረት ይመስላቸው ነበር። በ1894 የእንፋሎት ትራክተር ተሞከረ፣ በ1898 የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ በ1907 ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሞት ሸለቆ ሄደ። ያኔ ካሊኮ ኦና ሆነች። በበረሃ እንጨት ውድ ነውና የቀረውን ሳንቃና በር ሰው እየነቀለ ወሰደው።

ሸሪፉን አትርሱት፣ ዘመዱ ይመጣል ብያችሁ ነበር። ስሙ ዋልተር ኖት ይባላል። በ1889 ሳን በርናርዲኖ ውስጥ ተወለደ። አያቱ በሸራ ሠረገላ ይህንኑ በረሃ አቋርጣ ወደ ካሊፎርኒያ የገባች ሴት ናት፤ እሱም በእሷ ተረት ያደገ ልጅ ነው። ወጣት ሳለ በሞሃቬ መሬት ይዞ ለማረስ ሞከረ፤ በረሃው እንቢ አለው። በ1910ዎቹ አጋማሽ የካሊኮን የተጣለ ድንጋይ በሲያናይድ አጥቦ የቀረውን ብር ለማውጣት የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፤ ኖት ያንን ተቋም ሲሠሩ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠረ። አጎቱ ስንቅ በሰጠበት ተራራ ላይ እሱ የጉልበት ሥራ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ያም ቆመ፤ ኖትም ሄደ።

በመጨረሻ የደረሰው ብዌና ፓርክ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ብዙ የማይርቅ የእርሻ መንደር። እዚያ እንጆሪ መሰል ፍሬዎች አምርቶ በመንገድ ዳር ይሸጥ ጀመር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቦይሰንቤሪ የተባለውን አዲስ የተዳቀለ ፍሬ ለገበያ ያበቃው እሱ ነው። በ1934፣ አገሩ ሁሉ በኢኮኖሚ ድቀት ላይ ሳለ፣ ሚስቱ ኮርዴሊያ በሠርግ ሳሕኖቿ ላይ የተጠበሰ ዶሮ እራት መሸጥ ጀመረች። መጀመሪያ ምሽት ስምንት ሰው በላ። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ሰው ለዶሮ ለሰዓታት ይሰለፍ ጀመር። እኛ ለልኳንዳ ቤት ሥጋ የምንሰለፈውን አስቡና ጨምሩበት።

እንግዲህ የተሰለፈ ሕዝብ ይሰለቻል። ኖት ሰልፈኛውን ምን ያጫውተው? በ1940 ከእርሻው አጠገብ አንድ የድሮ ከተማ መሥራት ጀመረ። ከየቦታው የተጣሉ አሮጌ ቤቶችን ገዝቶ አምጥቶ ተከላቸው፤ ያጣውን አስመስሎ ሠራ። ማንም ኖሮበት የማያውቅ ኦና ከተማ! ለማስተዋል ያህል፣ ዲዝኒላንድ በአቅራቢያው የተከፈተው ከዚህ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1955 ነው።

በ1951 ኖት ካሊኮን ገዛ። ቅደም ተከተሉን ልድገመው፣ ይኼ የንግግሬ ልብ ነውና። መጀመሪያ ግልባጩ ተሠራ፤ ዋናው የተገዛው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ኖት ወደ ካሊኮ ሲመለስ ኦና ከተማ ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ብዌና ፓርክ ላይ ሠርቶታልና። የእርሻውን ከተማ የነደፈው ሠዓሊ ፖል ፎን ክሊበንም በካሊኮ እድሳት ገባበት። የድሮ ፎቶግራፎች ተሰበሰቡ፣ መሠረቶች ተጠረጉ፣ ከቆሙት አምስት ገደማ ቀደምት ቤቶች በስተቀር ሌላው እንደ አዲስ ተሠራ። ዛሬ በካሊኮ ዋና መንገድ ላይ የምታዩት የሳንቃ ፊት አብዛኛው በ1950ዎቹና ከዚያ በኋላ የተመታ ሚስማር ነው የያዘው። ፀሐዩ ግን ሥራውን ሠርቷል፤ ሰባ ዓመት በሞሃቬ ፀሐይ የተጠበሰ ሳንቃ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ከተጠበሰው ጋር በዓይን አይለይም።

ይኼ ማጭበርበር ነው? እኔ እንደዚያ አልልም። ኖት ትርፍ ባያስብ ኖሮ ቦታው ዛሬ ጥቂት የጭቃ ግድግዳና ብዙ ቀዳዳ ነበር። ደግሞም በ1966 ከተማውን ለሳን በርናርዲኖ ካውንቲ በነፃ ሰጥቷል፤ እስከ ዛሬ የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ግን የታደሰው አንድ ሰው በልጅነቱ የሰማው ተረትና በወጣትነቱ ያየው ፍርስራሽ ነው። በተረቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ገባ፤ መጠጥ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሽጉጡ፣ ውሻው። የቻይናውያኑ ሠፈር በተረቱ ውስጥ ጠርዝ ላይ ነበርና በከተማውም ጠርዝ ላይ ቀረ። የባዜቃው ጭስም አልታደሰም። በእርሻው በኩል ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሄዶ ሄዶ፣ በ1960 «የካሊኮ ማዕድን» የሚል የባቡር መጫወቻ፣ በ1969 ደግሞ ሰው በግንድ ጀልባ ተቀምጦ ፏፏቴ የሚወርድበት መጫወቻ በካሊኮ ስም ተከፈተ። ግንድ! ፏፏቴ! ካሊኮ ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍ ማግኘት ብር ከማግኘት ይከብድ ነበር።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ መንገድ የመረጠ ከተማም አለ። ቦዲ ይባላል፤ ወርቅ የወጣበት፣ ከፍ ባለ ብርዳማ ቦታ ያለ። መንግሥት በ1962 ሲረከበው አንድ ደንብ አወጣ፤ ባለበት እንዲቆም እንጂ እንዲታደስ አይደለም። ጣሪያው እንዳይወድቅ ይደገፋል፣ መስኮቱ ይጠገናል፣ አዲስ ቤት ግን አይሠራም፤ ምግብም አይሸጥም። አቧራ የጠገበው የሱቅ ዕቃ እንደ ተተወ በመደርደሪያው ላይ አለ። ሁለቱ ከተሞች በማዕረግ ሲፎካከሩ ቆይተው፣ ቦዲ በ2002 የግዛቱ ይፋዊ የወርቅ ዘመን ኦና ከተማ ተባለ፣ ካሊኮ ደግሞ በ2005 የብር ዘመን። በአንድ መቀመጫ ሁለት ሹም፤ አስታራቂው ብልህ ነበር። ልጅ ይዤ ብሄድ ካሊኮን፣ ብቻዬን ብሄድ ቦዲን እመርጣለሁ።

ከካሊኮ በስተምሥራቅ፣ በዚያው ተራራ ግርጌ፣ ሌላ ጉድጓድ አለ። እዚያ የተቆፈረው ለብር አልነበረም። በ1960ዎቹ ቆፋሪው በምሥራቅ አፍሪካ ግኝቶቹ ስሙ የገነነው ሉዊስ ሊኪ ነበር፤ በ1967 በኦሞ ሸለቆ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ጥናት መንገድ ከጠረጉት አንዱ፣ ኪቢሽ ላይ ጥንታውያን የራስ ቅሎችን ያገኘው ቡድን መሪ የሪቻርድ አባት። ሊኪ ካሊኮ አጠገብ ያገኛቸው ስለት ያላቸው ድንጋዮች የሰው እጅ ሥራ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ከ50,000 ዓመት ያልፋል ብሎ አመነ። ይህ እውነት ቢሆን የአሜሪካ ታሪክ በሙሉ ይገለበጥ ነበር። አብዛኞቹ ምሁራን፣ ባለቤቱን ሜሪን ጨምሮ፣ አልተቀበሉትም፤ ጎርፍና ግፊት ድንጋይን ከድንጋይ ጋር ሲያጋጩ እንዲህ ያለ ቅርጽ ይወጣል አሉ። እሱ እስከሞተበት እስከ 1972 አልለቀቀም። በአንድ ተራራ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አንድ ጥያቄ መነሣቱ ይገርመኛል፤ የሰው እጅ የሠራው የቱ ነው? በታች በኩል ያሉት ሊቃውንት ስለ ድንጋዩ ተከራከሩ። በላይ በኩል ስላሉት ሳንቃዎች ግን የሚጠይቅ ጎብኚ ብዙ የለም፤ አይስክሬሙን ይዞ ያልፋል።

ለመጨረሻ ያቆየኋት አንዲት ሴት አለች። ሉሲ ሌን ትባላለች። ካሊኮ የገባችው በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ በአሥር ዓመቷ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ገባች፣ እዚያው አደገች፣ ሱቅ የነበረውን ጆን ሌንን አገባች። ብሩ ሲወድቅ እንደ ሌላው ሁሉ ወጡ። ከዚያ ግን በ1910ዎቹ፣ ከተማው ኦና ሆኖ ሳለ፣ ባልና ሚስት ተመለሱ። ፍርድ ቤትና ፖስታ ቤት ሆኖ ያገለግል በነበረ አንድ ቤት ውስጥ ገቡና ኖሩ። ለምን እንደ ተመለሱ የሚያስረዱ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ ማብራሪያ አያስፈልገውም እላለሁ፤ ሰው ወደ አገሩ ነው የተመለሰው።

አስቡት እንግዲህ። ለአሥርተ ዓመታት ነፋስና እሷ። ከዚያ 1951 ሲደርስ አናጺዎች በመኪና መጡ፤ በልጅነቷ ሲቃጠሉ ያየቻቸውን ቤቶች መልሰው ይሠሩ ጀመር። ቀጥሎ ጎብኚው መጣ፤ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ መንፈስ ለማየት የተዘጋጀ። ሉሲ ሌን ደግሞ በቤቷ አለች። ኖት ሲሠራ አለች፣ በ1962 ግዛቱ በታሪካዊ ቅርስነት 782ኛ ብሎ ሲመዘግበው አለች፣ ካውንቲው ሲረከበው አለች። በ1967 በ93 ዓመቷ ዐረፈች። ቤቷ ዛሬ የካሊኮ ሙዚየም ነው፤ ቀደምት ከሚባሉት አምስት ቤቶችም አንዱ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።